ካሮሊን ኪን የምትባል ደራሲ አልነበረችም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በጥበብና ባህል ገጻችሁ ስለ ልጃገረዶች ንባብ የወጣው ጽሑፍ በጋዜጦቻችን ብዙ ጊዜ የማይነሣ ጉዳይ በማንሣቱ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። ሆኖም በጽሑፉ መካከል አሜሪካዊቷን የልብ ወለድ መርማሪ ናንሲ ድሩን በሚመለከት የሰፈረው አንቀጽ መታረም የሚገባው በመሆኑ፣ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ሥራ ብዙ ዓመት እንደቆየ ሰው በዝምታ ላልፈው አልቻልሁም። ጸሐፊው እንደሚሉት ናንሲ ድሩን የፈጠረቻት ካሮሊን ኪን የተባለች ደፋር አሜሪካዊት ደራሲ ናት፤ ከእርሷ በፊት ለሴት ልጆች ይጻፉ የነበሩት መጻሕፍት ስለ ጸሎትና ስለ ቤት ሥራ ብቻ የሚያስተምሩ ነበሩ፤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍትም እነዚህን አዳዲስ መጻሕፍት ለልጆች እያደሉ አንድ ትውልድ አሳድገዋል። ከሦስቱ አባባሎች አንዱም ትክክል አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ካሮሊን ኪን የምትባል ደራሲ ተወልዳም ኖራም አታውቅም። ስሙ የአንድ ድርጅት ንብረት ነበር፤ ድርጅቱን ያቋቋመው ደግሞ ኤድዋርድ ስትራተማየር ነው። ስትራተማየር በ1862 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ኤልዛቤት በተባለች ከተማ፣ ከጀርመን ከመጣ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ በርካሽ ለሚሸጡ የልጆች ሳምንታዊ መጽሔቶች ታሪክ እየጻፈ እጁን አፍታታ፤ በ1899 ስለ ሦስት ተማሪ ወንድማማቾች የጀመረው የመጻሕፍት ተከታታይ ገበያው ሲደራለት ደግሞ፣ አንድ ሰው ብቻውን ጽፎ ሊያደርሰው ከሚችለው በላይ የታሪክ ሐሳብ እንዳለው ተገነዘበ። በ1905 ገደማ ድርጅቱን ያቋቋመው ለዚህ ችግር መፍትሔ አድርጎ ነው። እርሱ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ታሪክ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በሁለት ሦስት ገጽ ይነድፋል፤ በክፍያ የሚሠራ ጸሐፊ፣ አብዛኛውን ጊዜም የጋዜጣ ሰው፣ ያንን ንድፍ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁለት መቶ ገጽ ያህል ወዳለው መጽሐፍ ያሳድገዋል፤ ስትራተማየር ረቂቁን አርሞ ለአሳታሚ ያስረክባል። ጸሐፊው የተወሰነ ገንዘብ አንድ ጊዜ ይቀበልና በመጽሐፉ ላይ ምንም ዓይነት መብት እንደማይኖረው፣ በብዕር ስሙም በሌላ ቦታ እንደማይጠቀም ፈርሞ ይሄዳል። መጽሐፉ የፈለገውን ያህል ቢሸጥ ከዚያች ክፍያ በላይ አንድ ሳንቲም አይደርሰውም።

በዚህ አሠራር የተፈጠሩት የደራሲ ስሞች ብዙ ናቸው። ማርጋሬት ፔንሮዝ፣ ላውራ ሊ ሆፕ፣ አሊስ ኤመርሰን የሚባሉት ሁሉ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ብቻ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ከስሞቹ ጀርባ ሴትም ወንድም ነበረ። ለምሳሌ የሩት ፊልዲንግን ታሪክ የሚተርኩት የመጀመሪያዎቹ 19 መጻሕፍት የአሊስ ኤመርሰንን ስም ይያዙ እንጂ የጻፋቸው በርት ፎስተር የሚባል ሰው ነው። ልማዱ የስትራተማየር ድርጅት ብቻም አልነበረም፤ ኦዝ የተባለውን የተረት ምድር በመፍጠር የሚታወቀው ደራሲ ፍራንክ ባውም እንኳ በ1906 ለልጃገረዶች የጀመረውን ተከታታይ ያሳተመው ኢዲት ቫን ዳይን በሚል የሴት ስም ነው።

የስትራተማየር ብልሃት በጸሐፊዎቹ አያያዝ ብቻ የሚያበቃ አልነበረም። በዘመኑ አንድ ደህና የልጆች መጽሐፍ አንድ ዶላርና ከዚያም በላይ ሲሸጥ፣ እርሱ አሳታሚዎቹን አሳምኖ ዋጋውን ወደ 50 ሳንቲም አወረደው፤ በአንዱ መጽሐፍ የሚገኘው ትርፍ ቢያንስም በሽያጩ ብዛት ይካካሳል ብሎ ነበር፤ ሒሳቡም አልተሳሳተም። አዲስ ተከታታይ ሲጀምር ሦስት መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ ከተሸጡ ይቀጥላል፣ ካልተሸጡ ይተዋል። በየመጽሐፉ ሁለተኛ ምዕራፍ አካባቢ ደግሞ ልጃገረዶቹ ከገደል አፋፍ ላይ ቢሆኑ እንኳ ታሪኩ ይገታና ቀደም ብለው የወጡት መጻሕፍት በየርዕሳቸው ይተዋወቃሉ። ይህ ክፍል እጅግ የሚያሰለች ነው፤ ነገር ግን የተከታታዩን ቅደም ተከተል ለማወቅ ለሚፈልግ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከእርሱ የበለጠ የሚጠቅም ገጽ የለም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ጸሐፊው ከናንሲ በፊት የነበሩት መጻሕፍት ስለ ጸሎት ብቻ ያወራሉ ሲሉ ምናልባት ያሰቡት የማርታ ፊንሊን ተከታታይ ይሆናል። በ1867 በጀመረው በዚህ ተከታታይ ውስጥ ኤልሲ ዲንስሞር የምትባለው ልጅ በሰንበት ዓለማዊ ዜማ አልጫወትም ብላ ከአባቷ ጋር ትጋጫለች፤ እሺ እስክትል ድረስ ከፒያኖው ወንበር እንዳትነሣ ስለ ታዘዘችም እዚያው ተቀምጣ ትቆይና በመጨረሻ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ተከታታዩ እስከ 1905 ድረስ ወደ 28 መጻሕፍት የዘለቀ ሲሆን፣ ኤልሲም በየመጽሐፉ እያደገች፣ እያገባች፣ እየወለደች፣ ባሏ ሞቶባት አያት እስከ መሆን ትደርሳለች። ስለዚህ ለአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ከሆነ የጸሐፊው አስተያየት ከእውነት ብዙ የራቀ አይደለም።

ነገር ግን በኤልሲ የመጨረሻ መጽሐፍና በናንሲ የመጀመሪያ መጽሐፍ መካከል ሃያ አምስት ዓመት አለ፤ ጽሑፉ የዘለለው ይህንን ሃያ አምስት ዓመት ነው። በእኔ አስተያየት ከታሪኩ ሁሉ እጅግ አስገራሚው ክፍል የሚገኘውም እዚሁ ነው። በ1909 አሊስ ራምዚ የተባለች የ22 ዓመት ሴት መኪና የማይነዱ ሦስት ሴቶችን ጭና፣ 11 ጎማ በመንገድ ላይ እየቀየረች፣ ከኒው ዮርክ ተነሥታ በ59 ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ገባች፤ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በመኪና ያቋረጠች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆነች። በዓመቱ፣ በ1910፣ የራሷን መኪና የምትነዳው ኮራ ኪምቦልና መንትያ ጓደኞቿ የሚገኙበት ተከታታይ በማርጋሬት ፔንሮዝ ስም ወጣ፤ በዚያው ዓመት አንድ ሌላ አሳታሚም ስለ መኪና ነጂ ልጃገረዶች ሌላ ተከታታይ ጀመረ። ስትራተማየር ጋዜጣ አንባቢ ነበር፤ ዛሬ የተወራውን በሚቀጥለው ዓመት በመጽሐፍ ማውጣት ያውቅበታል። እርግጥ ነው፣ ኮራ አስጨናቂ ሁኔታ ሲገጥማት ወንድሟ ጃክና ጓደኞቹ ብዙ ጊዜ ለእርዳታ ብቅ ይላሉ። ቢሆንም መሪውን የያዘችው እርሷ ናት፤ መኪናውም የእርሷ ነው፤ የት እንደሚኬድ የምትወስነውም እርሷ ናት።

ከዚያ በኋላ የመጡት ከዘመኑ ለውጥ ጋር እኩል ይራመዱ ነበር። በ1912 ጁልየት ጎርደን ሎው በጆርጂያ ግዛት በሳቫና ከተማ የአሜሪካን ሴት ስካውቶች መሠረተች፤ በቀጣዩ ዓመት አራት ልጃገረዶች ያለ ወንድ አጃቢ ቦርሳቸውን በትከሻቸው አድርገው በእግር የሚጓዙበት ተከታታይ በላውራ ሊ ሆፕ ስም ወጣና እስከ 1933 ድረስ 23 መጻሕፍት ደረሰ። በ1914 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች በጀልባ ቀዘፋና በቅርጫት ኳስ የሚወዳደሩበት ተከታታይ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ድምፁ የተዘጋበት የቲያትር ተዋናይ አባታቸውን ለመርዳት በፊልም የሚሠሩ የሁለት እኅትማማቾች ታሪክም ለገበያ ቀረበ። አንባቢ እዚህ ላይ ዓመቱን እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ፤ የአሜሪካ ሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት የተረጋገጠላቸው በ1920 ነው።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል እኔ ከፍ ያለ ግምት የምሰጣት ሩት ፊልዲንግን ነው፤ ስሟ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠቀሱም ይህንን ደብዳቤ ለመጻፍ ካነሣሡኝ ምክንያቶች ዋነኛው ነው። በ1913 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፍ ሩት እናት አባቷ የሞቱባት ድኻ ልጅ ሆና ወፍጮ ቤት ያለው ቆጥቋጣ ዘመዷ ዘንድ ለማደግ በባቡር ትመጣለች። ወፍጮ ባለቤቱ ክፉ ሰው ባይሆንም ገንዘቡን አጥብቆ የሚወድ ስለሆነ፣ ሩት ትምህርት ቤት ለመግባት እንኳ መብቷን በትዕግሥትና በብልሃት ታስከብራለች። በ1916 በወጣው መጽሐፍ የተማሪዎቹ ማደሪያ ቤት በእሳት ሲወድም የፊልም ድርሰት ጽፋ ለመልሶ ግንባታው ገንዘብ ታስገኛለች፤ ከዚያ ወዲህ ጽሕፈት መተዳደሪያዋ ይሆናል። በ1918 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ ቀይ መስቀልን ተቀላቅላ ወደ ፈረንሳይ ትሻገራለች። ኮሌጅ ትገባለች፤ ፊልም ታዘጋጃለች፤ በኋላም የራሷን የፊልም ኩባንያ ትመራለች። ተከታታዩ እስከ 1934 ድረስ 30 መጻሕፍት አፍርቷል። ሩት ገንዘብ ሠርታ የምታድር ሴት ናት፤ ከእርሷ በኋላ የመጣችው ናንሲ ግን የጠበቃ ልጅ ስትሆን፣ ሥራዋን ሁሉ ያለ ክፍያ የምትሠራው የአባቷ ገንዘብ ስላለ ነው። ናንሲ ወደ ፊት የተራመደ እርምጃ ናት የሚለው የተለመደ አስተያየት ይህንን ነገር ይረሳል።

ሩትን ያቆማት ምንድን ነው ቢባል፣ ድርጅቱ ራሱ የሰጠው መልስ ጋብቻ የሚል ነው። ሩት ቶም ካሜሮን የሚባለውን የልጅነት ጓደኛዋን ለብዙ ዓመታት ስታስጠብቀው ኖራ በመጨረሻ አገባችው፤ ልጅም ወለደች፤ ሽያጩም ወረደ። ቀደም ሲልም ምልክት ታይቶ ነበር፤ በ1908 የጀመረው የሌላ ተከታታይ ባለታሪክ ዶሮቲ ዴል በ1917 በወጣው አሥራ ሁለተኛ መጽሐፍ ከታጨች በኋላ የተከተላት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እርሱም ከሰባት ዓመት ቆይታ በኋላ የወጣ ነው። በእርግጥ ለሩት መውደቅ ትዳሯን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም፤ ጊዜው የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ነበር፤ ሃያ ዓመት የቆየ ተከታታይም በራሱ ጊዜ ያረጃል። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ትምህርቱን የወሰደው እንደ ገባው ነው፤ ናንሲ እንድታገባ አልተፈቀደላትም፤ ዕድሜዋም እንዳይጨምር ተደረገ። በሰባተኛው መጽሐፍ የመጣው ጓደኛዋ ኔድ ኒከርሰን አስርት ዓመታት እስኪያልፉ ድረስ ዳንስ ከመጋበዝ ያለፈ ዕድል አላገኘም። ናንሲ ነፃ የሆነችው በዋናነት ያገባች ጀግና መጽሐፍ እንደማታሸጥ የድርጅቱ የሒሳብ መዝገብ ስላሳየ ነው። የሴቶችን ነፃነት የሚሰብክ ሰው በድርጅቱ ውስጥ ስለነበረ አይደለም፤ ስትራተማየር ሴት ልጆቹ በቢሮ ተቀጥረው እንዲሠሩ እንኳ የሚወድ አባት አልነበረም።

ሌላም ያስተዋልሁት ነገር አለ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ እናት የለችም ማለት ይቻላል። ሩት ወላጅ አልባ ናት፤ ዶሮቲ ያደገችው በአባቷ እጅ ነው፤ ፊልም የሚሠሩት እኅትማማቾች እናት የላቸውም፤ የናንሲም እናት ሞታለች። በእኛ ተረት እናቷ የሞተችባት ልጅ በእንጀራ እናት እጅ ወድቃ ትሰቃያለች፤ በእነዚህ መጻሕፍት ግን ያችው ልጅ መኪና እየነዳች ሌባ ታሳድዳለች። «የት ነበርሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ቢኖር ኖሮ ታሪኩ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አያልፍም ነበር፤ ለባለሙያ ጸሐፊ ከዚህ የቀለለ መላ አልነበረም።

ናንሲ ድሩ የወጣችው ሚያዝያ 28 ቀን 1930 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 20 ቀን 1922 ዓ.ም. ማለትም ንግሥት ዘውዲቱ ባረፉ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ መሆኑ ነው። እንደ ልማዱ ሦስት መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ቀረቡ። ሐሳቡ የስትራተማየር ነው፤ ንድፉንም የጻፈው እርሱ ነው፤ ነገር ግን መጻሕፍቱ ከታተሙ ከ12 ቀን በኋላ ስለሞተ የሆነውን ሁሉ ሳያይ ቀረ። ንድፉን ወደ መጽሐፍ የለወጠችው ሚልድሬድ ኦገስቲን ዊርት ናት፤ በኋላ ቤንሰን የተባለችው። በ1905 በአዮዋ ግዛት ላዶራ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደችው ይህች ሴት ዋናተኛ ነበረች፤ በ1927 ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት የማስተርስ ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሰውም ናት። ከናንሲ በፊት በሩት ፊልዲንግ ተከታታይ ሠርታለች፤ ስለዚህ ከሩት ወደ ናንሲ የሚሄደው መስመር በአንዲት ሴት እጅ ያለፈ ነው። ለመጀመሪያዎቹ የናንሲ መጻሕፍት ለእያንዳንዳቸው የተከፈላት 125 ዶላር ነበር። ስትራተማየር የመጀመሪያውን ረቂቅ ሲያይ ልጅቱ አፏ የማይያዝ፣ አጉል ደፋር ሆናበት ቅር እንደተሰኘ እርሷ ራሷ በኋላ ተናግራለች፤ አሳታሚው ግን ወደደው። እኔ የ1930ውን ናንሲ ሳነብ የማየው የስትራተማየርን ንድፍ ብቻ አይደለም፤ ቀልቧ የማይከፈልና ከሰው ፈቃድ የማትጠይቅ አንዲት የገጠር ልጅ ከንድፉ ወጥታ ትታየኛለች፤ ያቺን ልጅ የሰጠችን ሚልድሬድ ናት።

ከአባታቸው ሞት በኋላ ድርጅቱን የተረከቡት ሁለቱ ሴት ልጆቹ ሃሪየትና ኤድና ናቸው። ሃሪየት አዳምስ በ1914 ከዌልስሊ ኮሌጅ የተመረቀች ሴት ስትሆን፣ ድርጅቱን ከኢኮኖሚው ቀውስ አውጥታ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ መርታዋለች፤ ከሃምሳዎቹ ወዲህም ብዙዎቹን የናንሲ መጻሕፍት ራሷ ጽፋለች። ይህ ሁሉ ክብር የሚገባው ሥራ ነው። ነገር ግን ለጋዜጠኞች ካሮሊን ኪን እኔ ነኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የጻፍኋቸውም እኔ ነኝ እያለች ለብዙ ዓመታት ስትናገር ቆየች፤ ሚልድሬድ ደግሞ በፈረመችው ውል ታስራ፣ በኦሃዮ ግዛት በቶሌዶ ከተማ በጋዜጣ ሪፖርተርነት እየሠራች ዝም አለች። እውነቱ በአደባባይ የወጣው በ1980 ነው፤ አሳታሚው ግሮሴት ኤንድ ደንላፕ ድርጅቱ አዳዲሶቹን መጻሕፍት ወደ ሌላ አሳታሚ በመውሰዱ ኒው ዮርክ ውስጥ ክስ ሲመሠርት ሚልድሬድ ለምስክርነት ቀረበች፤ የፈረመቻቸው ውሎችም በፍርድ ቤት ታዩ። ከዚያም በኋላ ወደ ጋዜጣ ሥራዋ ተመልሳ በ2002 በ96 ዓመቷ እስከ ሞተችበት ዕለት ድረስ ስትጽፍ ኖረች።

ሦስተኛውን ነጥብ በተመለከተ የሙያ ባልደረቦቼን የሚያስመሰግን ነገር ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ ታሪኩ ግን ተቃራኒ ነው። በ1914 የአሜሪካ ወንድ ስካውቶች ዋና የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ፍራንክሊን ማቲውስ የ50 ሳንቲሞቹ ተከታታዮች የወንዶች ልጆችን አእምሮ ያበላሻሉ ሲል በታወቀ መጽሔት ላይ ዘመቻ ከፈተ። በ1929 ደግሞ በቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች መጽሔት ላይ ለአንባቢ መሰጠት የሌለባቸው የተከታታይ መጻሕፍት ዝርዝር ወጣ። በብዙ ከተሞች እነዚህ መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አይገኙም ነበር። ክልከላው ያመጣው ውጤት ግን ታግዶ የሚቀር ንባብ አልነበረም፤ ልጃገረዶቹ በተሰጣቸው የኪስ ገንዘብ ይገዛሉ፣ ለልደት ስጦታ ይጠይቃሉ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር ይለዋወጣሉ። በ1934 ፎርቹን መጽሔት ስለ ድርጅቱ ረጅም ሐተታ ሲያወጣ የወንዶቹ ተከታታዮች ገበያውን ይመራሉ ተብሎ በሚታመንበት ጊዜ አንዲት ልጃገረድ ሁሉንም መብለጧን በመገረም ዘግቧል። ባልደረቦቼ መጻሕፍቱ በችኮላ የተጻፉና እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ናቸው ማለታቸው ትክክል ነበር፤ ስሕተታቸው ልጆቹ ምን እየፈለጉ እንደሚያነቡ አለመጠየቃቸው ነው።

ደግሞም ሊከለከሉ ይገባል የሚያሰኝ እውነተኛ ነውር በመጻሕፍቱ ውስጥ ነበረ፤ በዝርዝሩ ላይ የነበረው ክርክር ግን በዋናነት ስለ ሥነ ጽሑፍ ጥራት ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን በእነዚህ ተከታታዮች ውስጥ የሚገኙት እንደ አገልጋይ፣ አንደበታቸው ሆን ተብሎ ተጣምሞ፣ ለአንባቢ ማሳቂያ ሆነው ነው። በመጀመሪያው የናንሲ መጽሐፍ ሌቦች ቤቱን ሲዘርፉ በመጠጥ ተታሎ የነበረው ጥቁር ዘበኛ ለዚህ በቂ ምሳሌ ነው። ከ1959 ጀምሮ ሃሪየት አዳምስ የቀደሙትን መጻሕፍት በሙሉ ስታሳርም ከ25 ምዕራፍ ወደ 20 አሳጠረቻቸው፤ የናንሲን ዕድሜ ከ16 ወደ 18 ከፍ አደረገች፤ ነውሩንም አስወገደች። የማስወገጃው መንገድ ግን እንግዳ ነው፤ ያ ዘበኛ በአዲሱ እትም ነጭ ሆኖ ቀረበ። ጥቁር ሰው በክብር እንዲታይ አልተደረገም፤ ከታሪኩ ወጣ እንጂ። በዚያው እርማት የናንሲም ምላስ ተቆረጠ፤ ለአዋቂዎች ትሕትና የምታሳይ፣ የለዘበች ልጅ ሆነች።

ይህንን የማነሣው በአሜሪካ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ከሰፈር ቤተ መጻሕፍት ተውሰው የሚያመጧቸው ባለ ቢጫ ሽፋን መጻሕፍት የታረሙት እትሞች መሆናቸው ብዙ ጊዜ ስለማይታወቅ ነው። የ1930ውን ጽሑፍ ማንበብ የሚፈልግ ከ1991 ጀምሮ እንደገና የታተሙትን የመጀመሪያ እትሞች መፈለግ አለበት፤ ለልጅ ሲሰጥ ግን ስለ ዘበኛው አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ጸሐፊው ስለ ናንሲ ድፍረት ያሉት ሁሉ ለመጀመሪያዎቹ እትሞች እንጂ ለቢጫዎቹ በሙሉ ልብ ሊባል የሚችል አይደለም።

እንግዲህ ዝግጅት ክፍላችሁ ማረሚያ የሚያወጣ ከሆነ በካሮሊን ኪን ስም ምትክ የሚልድሬድ ዊርት ቤንሰንን ስም ብቻ በማስገባት እንዳይወሰን አደራ እላለሁ፤ እንዲያ ከተደረገ አንዱን ስሕተት በሌላ መተካት ይሆናል። ከመጀመሪያዎቹ 30 መጻሕፍት የሚልድሬድ 23ቱ ናቸው፤ እነርሱም ከ1 እስከ 7፣ ከ11 እስከ 25 ያሉትና 30ኛው ናቸው። 8ኛውን፣ 9ኛውንና 10ኛውን የጻፈው ዋልተር ካሪግ የሚባል ጋዜጠኛ ነው፤ ድርጅቱ በቀውሱ ምክንያት ክፍያውን ወደ 75 ዶላር ዝቅ ሲያደርገው ሚልድሬድ በዚህ ዋጋ አልሠራም ብላ ስለነበር ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
አዲስ አበባ